ያልተበሳው ሳፋ

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ሕይወት ማራኪ ሰፈር በተከራየችው ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ላጠብቅላት ሄጄ ነበር። ወደ ግቢው ስገባ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ የጋለ ምስማር ከከሰል ምድጃ በጉጠት እያነሳች የአንድ ቢጫ ባልዲ ቂጥ ትበሳለች። አበባ ልትተክልበት ነው። የሚቀልጠው ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ባለሁበት ቆምኩ።

“ምነው አባዬ፣ ደህና አይደለህም?” አለችኝ።

“ባልዲው ያፈሳል?”

“ኧረ አያፈስም። ትናንት ነው የገዛሁት።”

“ታዲያ ደህና ዕቃ ምን በወጣው ይበሳል?”

ሳቀች። ልጆቼ እኔ ስቆጣ መሳቅ የጀመሩት ካደጉ ወዲህ ነው፤ ድሮ ጸጥ ይሉ ነበር። “አንተ ጋ ደግሞ ባልዲም ሕግ አለው” ብላ ምስማሩን መልሳ ፍሙ ውስጥ ሰካችው።

አዎ፣ ሕግ አለው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የቧንቧ ሥራውንም፣ መጽሐፍ ማንበቡንም በራሴ ጥረት ነው የያዝኩት። እንዲህ ያለ ሰው ያወቀውን ሳይናገር ማለፍ ይቸግረዋል። ይህን ጠባዬን እኔም አውቀዋለሁ፣ ልጆቼም ያውቁታል። ያን ዕለት ግን ብዙ አልተናገርኩም። ሽታው አንድ ሳፋና እናቴን አስታውሶኝ ነበርና ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። ሕይወትም ወንድሞቿም ያንብቡት።

ነገሩ ሲሆን ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከገጠር ከኮሶዬ ጎንደር ከተማ የገባነው በእኔ ምክንያት ነው። እናቴ ስንዱ ልጇ ከተማ እንዲማር ቆርጣ ተነሳች። አባቴ መተማ ወርዶ የእርሻ ካምፕ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ እናቴና እኔ አራዳ፣ እትዬ ዓለምነሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። እትዬ ዓለምነሽ ባለቤታቸው ያረፉ፣ ነጠላ ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ግቢያቸውን ጠዋትም ማታም የሚያስጠርጉ ሴት ነበሩ። ቅጠል ወድቆ ካዩ ያረገፈውን ዛፍ ይቆጣሉ።

ግቢው ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። እናቴ የገባን ዕለት ዞር ዞር ብላ አየችና “አፈር የለም” አለች። ነገሩ አልገባኝም። ለእኔ አፈር የለም ማለት ጭቃ የለም ማለት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ግን ከተወለደች ጎመን ከገበያ ገዝታ አታውቅም። አባቴ ከመተማ የሚልከው አንድ ወር ይደርሳል፣ አንድ ወር ይቀራል። ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ጎመን ደግሞ ገዝቶ መኖር እንደማይሆን ቶሎ ገባት።

“ደመቀ፣” አለችኝ አንድ ቀን፣ “ከትምህርት ቤት ስትመለስ በምግብ ቤቶቹ ጓሮ እለፍ። የሳልሳ ጣሳ ይጥላሉ። ጠይቀህ አምጣ።”

አመጣሁ። ትልልቆቹን ጣሳዎች በገመድ አስሬ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ስሄድ እርስ በርሳቸው ይንቋቋሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር ዞሮ ያየኛል። የክፍሌ ልጆች ሰሙኝ። በማግስቱ ስሜ “ቆራሌው” ሆነ፤ አሮጌ ዕቃ እየጮኸ የሚሰበስበው ሰውዬ ማለታቸው ነው። መምህሩ ስም ሲጠሩ “ደመቀ” ሲሉ ከኋላ አንዱ “ቆራሌው አለ” ብሎ ይመልስልኛል። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

“ቆራሌው ምን አደረገ? ሰረቀ?” አለች እናቴ።

“አልሰረቀም።”

“እንግዲያ ነገም ጣሳ አምጣ።”

እንባዬን አላበሰችልኝም። ያን ጊዜ ጨካኝ መስላኝ ነበር። አሁን እኔም ለልጆቼ እንደዚያው ነኝ፤ ትክክል መሆኔን ሁልጊዜ እርግጠኛ ባልሆንም።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከኮሶዬ በሚመጣ ዘመድ በተላከልን አፈር፣ የበራችን ደጃፍ ሌላ መልክ ያዘ። በሳልሳ ጣሳው ሰላጣ፣ ወገቡ ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ጎመን፣ በማዳበሪያ ጆንያ ድንች፣ አንገቱ በተሰበረ እንስራ ጤና አዳም ተተከለ። የመብሳቱ ሥራ የእኔ ሆነ። ጣሳውን በመዶሻና በምስማር፣ ፕላስቲኩን በጋለ ምስማር እበሳለሁ። “ውሃ መውጫ ካላገኘ ሥሩ ይታፈናል” ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ሥሩ እንደ ሰው አፍንጫ ያለው ይመስለኝ ስለነበር ቀዳዳዎቹን ሁለት ሁለት አድርጌ እበሳቸዋለሁ። ያ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው። ለእኔ የሹመት ሽታ ነበር፤ እሳት እንድነካ የሚፈቀድልኝ ያኔ ብቻ ነውና።

አንድ ቅዳሜ እናቴ የአባቴን አሮጌ ቆዳ ጫማ አወጣች። ሶሉ ተገንጥሏል። አፈር ሞላችና ነጭ ሽንኩርት ሰካችበት። እኔ ደነገጥኩ። የሰው ጫማ አፈር ከሞላ ባለቤቱ የማይመለስ መሰለኝ።

“አባቴ ሲመጣ ምን ይጫማል?” አልኳት።

“አዲስ ይገዛል። ካልገዛ ሽንኩርቱን ነቅሎ ያጠልቀው።”

በቀልዷ አልሳቅኩም። ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ጫማው መሬት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አያለሁ። አልገባም። ሽንኩርቱ ግን በቀለ፤ የአባቴ ጣቶች ያርፉበት ከነበረው በላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ሲል አባቴ የሆነ ቦታ ደህና እንደሆነ አመንኩ።

ሳፋው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እትዬ ዓለምነሽ ዕቃ ቤታቸውን ሲያጸዱ አንድ ትልቅ ሳፋ ደጅ አስቀመጡ። ነጭ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀይ አበባ ተስሎበታል፤ ጠርዙ ተልጦ ዝገት ጀምሮታል። እናቴ አየችው። ቆማ አየችው ማለት ይሻላል።

“እትዬ፣ የሚጣል ነው?”

“የሚጣልስ አይደለም፣ የሰርጌ ነው። ግን ምን ይሠራልኛል፤ ለጊዜው ያዥው። እንዳትበሺው ብቻ።”

እኔ መዶሻዬን ይዤ ቀርቤ ነበር። እትዬ ዓለምነሽ አዩኝ። “አንተም ሰምተሃል። የዛገው ይዛግ። የተበሳ እንደሆነ ግን አንላቀቅም።”

እናቴ ያንን ሳፋ ይዛ ቀኑን ሙሉ አሰበች። ሳይበሳ የሚሆን ተክል ምን አለ? ጎመን አይሆን፣ ድንች አይሆን። ለዘመድ ተዝካር ኮሶዬ ደርሳ ስትመለስ መልሱን ይዛው መጣች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። አውቶቡሱ ላይ አንድ ጆንያ ሙሉ አፈር ጫነች፤ ጉልበቷ ላይ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች።

ረዳቱ ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ “እናቴ፣ ይህ ምንድን ነው? ድንች ነው?” አላት።

“አፈር ነው።”

“አፈር? ጎንደር አፈር ጠፋ እንዴ?”

“አለ። ግን ሁሉም ሰው ቤት ሠርቶበታል።”

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ “ሸጋ መለሰች” አሉ። እኔ ግን አፍሬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በጨርቁ የተጠቀለለው ከምንጭ ዳር የተነቀለ የቄጤማ ሥር ነበር። ቄጤማ ረግረግ ይወዳል፤ ውሃ መውጫ አይፈልግም። እትዬ ዓለምነሽ “እንዳትበሺው” ሲሉ ሳያውቁት ምን እንደሚተከል ወስነው ነበር።

በዚያ ዓመት ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ በማይመጣበት ቀን ከቦኖ እንቀዳለን። በጀሪካን የተሸከምኩትን ውሃ እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅማ አትደፋም። ጎመንና ምስር የታጠበበት እጣቢ ለሳፋው ይሄዳል። ዕቃ የተለቀለቀበት ለጣሳዎቹ ይሄዳል። የሳሙና ውሃ ድንጋዩ ይታጠብበታል። ይህን መለየት የእኔ ሥራ ነበር፤ ከተሳሳትኩ ጆሮዬ ይቆነጠጣል።

“የሳፋውን ከሁሉም አብልጠህ ተጠንቀቅ” አለችኝ። “ጣሳው ቀዳዳ አለው፤ ያልወደደውን ያወጣዋል። ሳፋው ግን መውጫ የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይኖራል።”

ይህን ቃል ልጆች ሳሳድግ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ልጅም እንደዚያ ሳፋ ነው። ከዚህ በላይ አልጨምርም፤ ሕይወት ትስቅብኛለች።

ቄጤማው ያዘ። ያዘ ብቻ ሳይሆን ሳፋውን ሞልቶ ተጣበበ። ከግቢው በር አጠገብ ጎማ የሚጠግኑት አያ ካሴ ይህን አይተው ያለቁ ሁለት የመኪና ጎማዎች እየገፉ አመጡላት። እናቴ ውስጣቸውን በአሮጌ የፍራሽ ላስቲክ ሸፈነች፤ ጭቃና ውሃ ሞላች፤ ከሳፋው ሥር ከፍላ ተከለችባቸው።

“ስንዱ፣” አሉ አያ ካሴ፣ “ይህ ጎማ ስንት አገር ዞሮ መጥቷል። እዚህ ረግረግ ሆኖ ይቀራል ብሎ አላሰበም።”

“እኔስ መቼ አስቤ፣ አያ ካሴ?”

ዐቢይ ጾም ሲገባ የምንበላው ከደጃፋችን ነበር። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃርያ። ለጎረቤትም ይተርፋል፤ ለእትዬ ዓለምነሽም ጠዋት ጠዋት በሰሀን ሰላጣ እወስዳለሁ። ይቀበሉኛል፤ ሰሀኑን አጥበው ይመልሳሉ። ስለዚህ የተናገሩት ነገር ያልጠበቅነው ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ነው። እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ መጥተው ከፊቷ ቆሙ።

“ስንዱ፣ ግቢዬ የቆራሌ መጋዘን ሆነ።”

“እንዴት፣ እትዬ?”

“ጎማ፣ ጣሳ፣ ጆንያ፣ ጫማ። ጫማ ሳይቀር። ልጄን ለትዳር የጠየቁት ሰዎች ለፋሲካ ይመጣሉ። በዚህ መሀል ነው የማስቀምጣቸው? እስከ ሕማማት ይነሳልኝ።”

“ጾሙን የምንገፋው በሱ ነው እኮ።”

“አውቃለሁ። አላነሳም ካልሽ ደግሞ ቤቱን ትለቂልኛለሽ።” ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልጨመረም። የተቆጣ ሰው ቢሆኑ ይሻል ነበር።

እናቴ ያን ዕለት ማታ ነገሩን እንደ ትልቅ ሰው አስረዳችኝ። ቤቱን ከለቀቅን በአባቴ ገንዘብ ሌላ ቤት አናገኝም። አትክልቱን ካነሳን ደግሞ ጎመን እየገዛን ከተማ መኖር አንችልም። በዚህም ተባለ በዚያ መንገዱ ወደ ኮሶዬ ነው፤ እዚያ ደግሞ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር። ከተማ የመጣነው ለእኔ ነው፤ የምንመለሰውም እኔን ይዘን ነው። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ግን ጠረጴዛ በሌለበት ቤት የምጽፍበትን ካርቶን ሌሊት ከራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ።

በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንድ ዲያቆን ለልጆች የኖኅን ታሪክ ነገረን። ርግቧ ለምለም ቅጠል ይዛ መጣች፤ ኖኅም ውሃው መጉደሉን አወቀ፤ ከመርከቡ ወጣ። ስለዚህ በቅዳም ስዑር፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ካህናት ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስረዋል አለን። ሌላው ልጅ ሁሉ ስለ ርግቧ ጠየቀ። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቄጤማ ሲመጣ ሰው ከቤቱ ይወጣል።

እናቴ ደግሞ በራሷ እጅ ቄጤማ ታበቅላለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳፋውን እጣቢ ለጎመኑ መስጠት ጀመርኩ። ጎማዎቹንም ረሳኋቸው። ጎመኑ ፋፋ፤ የቄጤማው ጫፍ ቢጫ ሆነ። እናቴ ጣቷን ሳፋው ውስጥ ከታ አየችው።

“ደመቀ፣ የሳፋውን ውሃ ማን ይጠጣዋል?”

“ለጎመኑ እሰጠዋለሁ።”

“ምነው?”

“ቄጤማው ካደገ እንወጣለን። ኖኅም ቄጤማ ሲመጣለት ወጣ።”

የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብኩ፤ እየሳቀች ነው። ከዚያ ግን እጄን ያዘችና ዝቅ ብላ አየችኝ።

“ቅጠሉ አይደለም ኖኅን ያስወጣው፣ ልጄ። የወጣው ውሃው ስለ ጎደለ ነው።”

“ስለዚህ?”

“ስለዚህ አንተ ሳፋው እንዳይጎድል ጠብቅ።”

አመንኳት። እሷ ልጅ ለማባበል ያለችው ነገር ለእኔ ሕግ ሆነ። ሳፋው እስከ አፉ ሙሉ ከሆነ ከዚህ ቤት የሚያስወጣን የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሳፋውን አያለሁ። ከቦኖ ስመለስ ለመጠጥ ከቀዳሁት ትንሽ ቀንሼ እጨምርበታለሁ። ቄጤማው እንደገና ለመለመ፤ ከእኔ ወገብ በላይ ሆነ። ያ ጾም ዝናብ ያልጣለበት ነበር፤ ሜዳው ሁሉ እንደ ገለባ ሲደርቅ የእኛ ደጃፍ ብቻ አረንጓዴ ነበር። እትዬ ዓለምነሽ በአጠገቡ ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ እንጂ አያዩትም።

ሕማማት ገባ። በሕማማት ረቡዕ ረፋድ ላይ እትዬ ዓለምነሽ አንድ ባለጋሪ ይዘው መጡ። በዚያ ሳምንት ሰላምታ የለምና ማንም ማንንም እንደምን አደርክ አላለም፤ ይህ ነገሩን ይበልጥ ክፉ አደረገው። እናቴ አልተከራከረችም። ባለጋሪው ጣሳ ሊያነሳ ሲጎነበስ “ተወው፣ የኔን ዕቃ እኔ እጭነዋለሁ” አለችና ጎመኑን፣ ድንቹን፣ የአባቴን ጫማ ሳይቀር አንድ በአንድ በእጇ ጫነች። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። ጋሪው ወዴት እንደሚወስደው አልጠየቀችም። አያ ካሴ ከበሩ ሆነው አይተው ሥራቸውን አቆሙ።

ጎማዎቹ ተጭነው ጋሪው ከግቢው በር ሲወጣ የቀረው ሳፋው ብቻ ነበር። ባለጋሪው ተመልሶ ሊያነሳው ሞከረ።

“ኧረ ይህ ከባድ ነው። ውሃውን ልድፋው።”

“አይደፋም” አልኩ።

“ምን?”

ሳፋውን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ደረቴ ረጠበ። “አይደፋም። ከተደፋ እንወጣለን።”

“እናትዬ፣ ልጅሽን አንሺልኝ።”

“ደመቀ፣ ልቀቀው” አለች እናቴ። አልለቀቅኩም። ይህ በእናቴ ላይ ያደረግሁት የመጀመሪያው እምቢታ ነው። ልጆቼ እምቢ ሲሉኝ እቆጣለሁ፤ ያንን ቀን ግን አልረሳውም።

በዚህ መሀል ከመንገዱ ድምፅ መጣ። ጋሪው ጠባቧን መተላለፊያ ዘግቶ ነበር። የእትዬ ዓለምነሽ ነፍስ አባት አባ ወልዴ ከሁለት ዲያቆናት ጋር ማለፊያ አጥተው ቆመዋል። ዲያቆናቱ ባዶ ጆንያ ይዘዋል፤ እግራቸው አቧራ ነው። አባ ወልዴ ጋሪው ላይ ያለውን ጎማ አዩ። ከጎማው ውስጥ የቆመውን ቄጤማ በእጃቸው ዳሰሱት።

“ይህ የማን ነው?”

እትዬ ዓለምነሽ ፈጥነው ወጡና እንደ ልማዳቸው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። አባ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። እትዬ ዓለምነሽ ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሏቸው ደነገጡ፤ በዚያ ሳምንት መስቀል አይሳለሙም። እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። የእናቴን አትክልት ስላስነሱ ካህኑ መስቀል የከለከሏቸው መስሎኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። ሳፋውን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ።

“የኔ ነው፣ አባ” አለች እናቴ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ “ሳፋው ግን የእትዬ ነው” ብላ ጨመረች።

“ቄጤማ ፍለጋ ወንዝ ወርደን ነበር” አሉ አባ። “ዘንድሮ የለም። ዳርቻው ሁሉ ደርቋል፤ ያለውንም ከብት ጨርሶታል። ለቅዳሜ ምን ይዘን እንደምንወጣ አላውቅም።”

ከጎማው አንድ ቄጤማ ሳብ አድርገው አሸተቱ።

“በምን ውሃ ነው ያደገው?”

“በእጣቢ ነው እኮ፣ አባ” አሉ እትዬ ዓለምነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል?”

እናቴ ንጹሕ የቦኖ ውሃ ነው ብትል ማን ያውቅባት ነበር? እንደዚያ እንድትል በልቤ ለመንኳት። እሷ ግን “እውነታቸውን ነው፣ እጣቢ ነው” አለች። “የጎመንና የምስር እጣቢ። ሳሙና አልነካውም፤ ቅባት አልነካውም። ጾሙን በሙሉ ከጾም በስተቀር የገባበት የለም። ይህ ልጅ ነው ሲለይ የኖረው።”

አባ ወልዴ እኔን አዩኝ። ሸሚዜ ረጥቦ ሳፋ አቅፌ ቆሜያለሁ።

“ወንዝ ዳር ያለውን ቄጤማ” አሉ ወደ እትዬ ዓለምነሽ ዞረው፣ “በቅሎ ስትጠጣበት አይቻለሁ። መጠጣት ብቻ ቢሆን ደግሞ መልካም ነበር።”

ዲያቆናቱ አንገታቸውን ደፉ። ሕማማት ባይሆን ይስቁ ነበር።

“ሳፋው የሰርግሽ ነው፣ ዓለምነሽ?”

እትዬ ዓለምነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “የሰርጌ ነው፣ አባ። ሳይበሳ ያቆየሁት።”

“እንግዲያ ዓርብ ማታ እንመጣለን። እስከዚያ ውሃው አይጉደል።”

“ሥሩ እንዳይነቀል፣ አባ፤ በማጭድ ይቆረጥ። መልሶ ይበቅላል” አለች እናቴ።

እነ አባ ወልዴ ከሄዱ በኋላ ባለጋሪው በአፉ ሣር እያኘከ ቆሟል። እትዬ ዓለምነሽ አዩት።

“ምን ቆመሃል? አራግፍ።”

“እርስዎ አይደሉ ጫን ያሉኝ?”

“አሁን ደግሞ አራግፍ እልሃለሁ።”

አያ ካሴ ሳይጠሩ መጥተው ጎማዎቹን አወረዱ። “ይህ ጎማ ዛሬም መንገድ ሄደ” አሉ ለእናቴ፣ ቀስ ብለው። እኔ ሳፋውን የለቀቅሁት ባለጋሪው መንገዱን ዞሮ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እየመቱ በየቤቱ ዞሩ። ቄጤማው ለምለም ነበር፤ ትናንት ስለተቆረጠ ውሃ ውሃ ይሸታል። ሰፈራችን በሙሉ ራሱ ላይ አሰረው። ከግቢው በር ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ራስ አያለሁ። “ቆራሌው” ብሎ ስም ያወጣልኝ ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ፤ ግንባሩ ላይ በደንብ አጥብቆ አስሮታል።

“ያሰርከው የኔ ነው” አልኩት።

“የኖኅ ነው” አለኝ።

“ሂድና እይ። ሳፋችን ውስጥ ጉቶው አለ።”

ገብቶ አየ። ጣሳዎቹንም አየ። የአባቴን ጫማ ሲያይ ብቻ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ቆራሌው ማለቱን አልተወም፤ ግን የሚለው ጣሳ ሲያመጣልኝ ነበር።

በፋሲካ የእትዬ ዓለምነሽ እንግዶች መጡ። ከእኛ ጎመንና ሰላጣ አጠገብ ወንበር ተዘረጋላቸው። አንዲት የሰው ፊት የማትፈራ ሴት “ዘንድሮ ሁሉ ሲደርቅ ግቢሽ እንዴት ሸጋ ነው” አለች። እትዬ ዓለምነሽ ወደ ሳፋው እያመለከቱ “ትናንት ደብሩ ያደለው ቄጤማ ከዚህ ከሰርጌ ሳፋ ነው የተቆረጠ” አሉ። የእናቴን ስም አላነሱም።

እኔ ተናደድኩ። እናቴ ከውስጥ ሆና ሰምታለች።

“ሳፋው የሳቸው አይደለም እንዴ?” አለችኝ። “እውነት ነው የተናገሩት። ገሚሱን ብቻ ተናገሩ፤ ገሚሱን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።”

ስለ ቤት መልቀቅ ግን ማንም አልተናገረም። ነገሩ አልፎልን እንደሆነ አላወቅንም። እኔ ሳፋውን መሙላቴን አላቆምኩም።

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት እትዬ ዓለምነሽ አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ይቅርታ ሊሉ የመጡ አይመስሉም፤ ፊታቸው እንደ ወትሮው ነው።

“ስንዱ፣ ይህን ለጎመንሽ አድርጊው።”

እናቴ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። ከዚያ መለሰችላቸው።

“እትዬ፣ ይህ ምንም አልሆነም። ደህና ዕቃ አይበሳም። ውሃ ይቅዱበት።”

እትዬ ዓለምነሽ ጀሪካኑን ይዘው ሄዱ። እኔ ተቆጥተዋል ብዬ እናቴን አየኋት። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ አሁን የያዙት ጎኑ የተሰነጠቀ፣ እጀታው የተሰበረ አሮጌ ባልዲ ነበር።

“ይህስ?”

“ይህ ሸጋ ነው።”

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡና እኔን አዩኝ። “ምን ታየኛለህ? ምስማሩን አግለው።”

ሮጥኩ። ከሰሉ እስኪቀጣጠል፣ ምስማሩ እስኪቀላ እትዬ ዓለምነሽ አልሄዱም። ባልዲውን ደፍቼ መብሳት ስጀምር ጭሱ ወደሳቸው ነፈሰ፤ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ እንጂ ቦታቸውን አልለቀቁም። አንዱን በሳሁ። ሁለተኛውን በሳሁ። ምስማሩን ላስቀምጥ ስል ጎንበስ ብለው የባልዲውን ቂጥ አዩ።

“አንድ ጨምር” አሉኝ። “ሥሩ እንዳይታፈን።”